ሞተርና ካምቢዮ ሲጋጠሙ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው አንድን ሙሉ መኪና በመንገድ ላይ ስለሚያስቀር ትንሽ ብረት ነው። ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ ሰሃላ የሚወርድ መኪና ሕመምተኛም ይጫን እህል፣ በመካከል ቢቆም በአጠገቡ የሚደርስለት ቶርኖ ቤት አያገኝም። አዲስ አበባም ከሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ በጋራዥ ውስጥ ሊለካ የሚችለውን ሳይለኩ መኪናውን ወደዚያ መላክ በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ ያሉን መኪናዎች ዕድሜ መርዘሙ፣ ሞተራቸው ሲደክምም ከሶማሌ ተራ በተገዛ ሌላ ሞተር መለወጡ የማይቀር ነው። በደጋ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል፤ ባለንብረቱ ተለቅ ያለ ሞተር ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን አዲሱ ሞተር ከነባሩ ካምቢዮ ጋር መጋጠም አለበት።

ብዙ ሰው የካምቢዮው ቤት ከሞተሩ ጋር በቡሎን ከታሰረ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ግን ከውስጥ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ፍሌክስ ፕሌት የሚባል ስስ የብረት ሰሌዳ ይታሰርበታል፤ በሰሌዳው ላይ ደግሞ ቶርክ ኮንቨርተሩ ይታሰራል። ሰሌዳው የሳሳው ኮንቨርተሩ በሙቀትና በዘይት ግፊት ሲነፋ እንዲለመጥለት ነው። የኮንቨርተሩ የኋላ አንገት የካምቢዮውን የዘይት ፓምፕ ያዞራል። የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ለካምቢዮው ከታሰበው ልክ ቢያጥር ኮንቨርተሩ ወደ ፊት ይሳብና አንገቱ ፓምፑን በጫፉ ብቻ ይይዘዋል፤ ውሎ አድሮም ይሰብረዋል። ቢረዝም ደግሞ ኮንቨርተሩ ፓምፑን ይጨፈልቃል፤ ክራንክ ሻፍቱንም እየገፋ ብሮንዚናውን ይበላዋል።

ለምሳሌ የጄኔራል ሞተርስን ቪ-8 እንመልከት። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤል ኤስ የተባለው ሞተር፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከቀድሞው ይልቅ የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። የውጭ ቡሎኖቹ በአብዛኛው ስለሚገጥሙ ዓይን ይታለላል። የቀድሞው ካምቢዮ ሲገጠምለት ጠፍጣፋ ፍሌክስ ፕሌት ከተመረጠ ክፍተቱን የሚሞላ ስፔሰርና ረዘም ያሉ ቡሎኖች ያስፈልጋሉ። ሆኖም በ1999 እና በ2000 እ.ኤ.አ. የተሠሩ አንዳንድ 6.0 ሊትር የጭነት መኪና ሞተሮች የዚያው ቤተ ሰብ ሲሆኑ ጫፋቸው ረጅም ስለሆነ ስፔሰሩን አይሹም። ስለዚህ ስፔሰር የሚገዛው በሞተሩ ስም ሳይሆን በመለኪያ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ካምቢዮውና ሞተሩ ከታሰሩ በኋላ ኮንቨርተሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፓምፑ ገፍቶ፣ በእርሱና በፍሌክስ ፕሌቱ መካከል የቀረውን ክፍተት መለካት ነው። በብዙ ካምቢዮዎች 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአምራቹ ቁጥር ካለ ግን እርሱን መከተል ይገባል። ኮንቨርተሩም በእጅ ሲያዞሩት ያለ ችግር መዞር አለበት። ሁለቱን ለማቀራረብ ቡሎን በኀይል ማጥበቅ ካስፈለገ ሥራውን አቁሞ መመርመር ያሻል።

«ሮንዴላ ደራርበን እንሞላዋለን፤ ቶርኖ ገንዘብ ይበላል» የሚል አይጠፋም። ስፔሰር ግን ክፍተት ከመሙላት በላይ ሥራ አለው። ሁለቱ ፊቶቹ እኩል መሆን፣ መካከሉም የኮንቨርተሩን የፊት አንገት በትክክል መያዝ አለበት። ሮንዴላ መካከል አይጠብቅም፤ ስለዚህ ሰሌዳው በእያንዳንዱ ዙር እየተጣመመ በቡሎኖቹ አጠገብ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ፍሌክስ ፕሌት ደግሞ ቢየላ እንደ ለቀቀ ሞተር ያንኳኳል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን ሞተር ፈትቶ ይከስራል።

ፍሌክስ ፕሌት ሲመረጥ ሁለት ነገሮች ይታከሉ። አንደኛ፣ የጥርሱ ቁጥርና ስፋቱ ከሞተሪኖው ጋር ይስማማ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሞተር ሚዛኑን የሚጠብቀው በሰሌዳው ላይ በተደረገ ክብደት ስለሆነ፣ ክብደት የሌለው ቢታሰርለት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። በፍሪሲዮን ለሚሠራ ካምቢዮም ቢሆን የካምቢዮው ዘንግ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለውን ኩሽኔታ መድረሱ ይታይ።

ጓደኞቼ፤ ይህን የምናገረው የጋራዥ ባለሙያዎቻችንን ለመውቀስ አይደለም። እነርሱ እጅ አላቸው፤ የጎደላቸው በጽሑፍ የሰፈረ ልክ ነው። እኛም በክረምት ዕረፍታችን ካሊፐር ይዘን ወደ ጋራዦች ብንሄድ፣ በየገበያው የሚገኙትን ሞተሮች የክራንክ ሻፍት ጫፍ፣ የጥርስ ቁጥርና የቡሎን ርቀት ለክተን በአንድ ሠንጠረዥ ብናሰፍርና አባዝተን እስከ ሰቆጣ ብንልክ ማኅበራችን ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በጋራዥ የተለካች ሦስት ሚሊ ሜትር በተከዜ ቁልቁለት ላይ ያለውን መንገደኛ ታድናለች።