ደንቆሮ ጫካን ያየን ዕለት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በሂሳብ ሪፖርቱ ውስጥ «የጉብኝት ወጪ» የምትል አንዲት መስመር አይታችኋል። ብዙዎች ስለጠየቃችሁን ስለ እሷ እንናገራለን። በቅድሚያ ግልጽ ይሁን፤ ከደጋፊዎች ከተሰጠን ገንዘብም ሆነ ከተዘዋዋሪ ብድሩ አንዲት ሳንቲም አልነካንም። የመኪናውን ኪራይ የከፈልነው እኛው የሄድነው ነን፤ አራት ወር በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያዋጣን። ስንቃችንም ዳቦና ቆሎ ነበር።

«ተራራ ለማየት ገንዘብ ይወጣል ወይ? ተራራ ላይ አይደል የምንኖረው!» ያሉን አሉ። እውነት ነው። ግን ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቀውን የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክን ከመካከላችን ለመጎብኘት ብላ የሄደችበት አልነበረችም። የምናውቀው ደንቆሮ ጫካ በሚለው የዱሮ ስሙ፣ ያውም ለማገዶ ነው።

ከታች በወንዙ ዳር ወይራና ጥድ የሞላበት ጫካ አለ። ከፍ ሲሉ ኮሶው ይመጣል፣ ቀጥሎ አስታው። ከአስታው በላይ ብርዱ ያይላል፤ ጓሳና ጅብራ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው እንደ እኛ ጎመን ቀጣፊዎች ሣር ይነጫሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር በዱር አይገኝም።

ቀይ ቀበሮን ግን አላየንም። ያየነው ጉድጓዱን ብቻ ነው። ጥበቃው የነገረን ግን ከማየት አልተናነሰም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነው። ምግባቸው በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንዷ ስትሆን ሌሎቹ ግልገሎቹን ይመግባሉ፣ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴም ያጠባሉ። ይህን ጊዜ ከኋላ አንዲት እናታችን «እነሱም ማኅበር አላቸው በሉኛ!» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ጥበቃው የተቆረጠ የአስታ ጉቶ ሲያሳየን አንዲት እህታችን አለቀሰች። «ይህን የመሰለውን በሌሊት እየገባሁ ተሸክሜ ወርጃለሁ። ልጆቼን ምን ላብላ? ሳላበስል ላሳድራቸው?» አለች። ማንም መልስ አልሰጣትም። አብዛኞቻችን ያንኑ እንጨት ገዝተን እንጀራ ጋግረናል። ተሸካሚዋ እሷ ብትሆን ገዢዎቹ እኛ ነን።

አሜሪካ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል አቅራቢያ፣ ኦሊምፒክ የሚባል ፓርክ አለ። በ1938 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጥቅጥቅ ያለ የዝናብ ደንና የባሕር ዳርቻ በአንድ ላይ ይዟል። እኛ ባሕር የለንም። ነገር ግን ከእኛ ተራራ የሚወርደው ውኃ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። ጓሳው ከታጨደና አስታው ካለቀ አስቀድሞ የሚደርቀው ግን የእኛው ምንጭ ነው።

ስለዚህ ከጉብኝቱ መልስ ሦስት ነገር ተስማምተናል፤ ጉባኤው እንዲያጸድቅልንም እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብድር ከሁሉ በፊት በፓርኩ ዙሪያ ለሚኖሩ አባሎቻችን ይሰጥ፤ ያቺ እህታችን የመጀመሪያዋ ትሁን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን በጓሯችንና በማሳችን ዳር ለማገዶ የሚሆን ዛፍ እንትከል። ሦስተኛ፣ ውሾቻችንን እንሰር፣ ክትባት ሲመጣም እናስከትብ። የውሻ እብደት በሽታ አንድ ጊዜ ከገባባቸው ቀይ ቀበሮዎቹን መንጋ በመንጋ ይፈጃል፤ ለልጆቻችንም አይመለስም።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ለሌላ ጉብኝት አይደለም፤ ለምድጃው ብድር ነው። ብድር ነውና ተመልሶ ለሌላዋ ይደርሳል። መዝገባችን ክፍት ነው፤ መጥታችሁ እዩ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንዷ እንዲህ አለች፦ «ስሙን ደንቆሮ እንለዋለን እንጂ፣ ደንቆሮዎቹስ እስከ ዛሬ እኛው ነበርን።» አሁን ግን ሰምተናል።