ከአሸዋ ላይ የቀረ ጀልባና የባለቤቱ ኀላፊነት



አንድ የመዝናኛ ጀልባ በነፋስ ተገፍቶ ከባሕር ዳር አሸዋ ላይ ሲቀር፣ ለመሐንዲስ የሚቀርበው ጥያቄ የጀልባው ክብደት፣ የአሸዋው ጠባይና ውሃው የሚሞላበት ሰዓት ነው። ለባለቤቱ ግን ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገመድ የሚወረውርለት ሰው ጎታች ነው ወይስ አዳኝ?

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ጎታች አስቀድሞ በተስማማበት ዋጋ ይሠራል። አዳኝ ግን ንብረቱን ከአደጋ ስላወጣ ወሮታ ይገባዋል፤ ወሮታውም በሰዓት አይቈጠርም። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ላይ የተደረገውና በ1996 የጸናው ዓለም አቀፍ የመርከብ ማዳን ስምምነት፣ ትንሿን ጀልባ ጭምር ይመለከታል። በእርሱም መሠረት የሚመዘኑት የዳነው ንብረት ዋጋ፣ የአደጋው ክብደት፣ የአዳኙ ሙያና ድካም፣ እንዲሁም የተገኘው ውጤት ናቸው። በመሠረቱ ሥራው ካልተሳካ ክፍያ የለም፤ ቢሳካም ወሮታው ከዳነው ንብረት ዋጋ አይበልጥም። ነገር ግን አካባቢን ሊበክል በሚችል መርከብ ላይ የደከመ አዳኝ፣ መርከቡ ባይድንም እንኳ ወጪው ይተካለታል።

ከዚህም የተነሣ ለግማሽ ሰዓት ሥራ ከፍ ያለ ሒሳብ የሚያቀርብ ሁሉ ቀማኛ ነው ማለት አይቻልም። ጀልባው ከዐለት ጋር እየተላተመ ሳለ የተሠራ ግማሽ ሰዓት፣ ጸጥ ባለ ወደብ ከተሠራ ሙሉ ቀን ይልቅ ዋጋ አለው። ባለቤቱም ቢሆን መከላከያ አላጣም፤ በአደጋው ጭንቀት የተፈረመና ሚዛኑን የሳተ ውል በዳኛ ሊሻር ወይም ሊሻሻል ይችላል።

ይህ ክርክር በትልልቅ መርከቦችም ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1978 የአሞኮ ካዲዝ መሪ በፈረንሳይ የብሪታኒ ጠረፍ አጠገብ ተበላሸ። ለእርዳታ የደረሰው የጀርመን ጎታች መርከብ «ካልዳነ ክፍያ የለም» የሚለውን የሎይድ ውል ቢያቀርብ፣ የመርከቡ አዛዥ መጀመሪያ እምቢ ብሎ የተቀበለው ከሰዓት በኋላ ነበር። ገመዱ ተበጠሰ፤ መርከቡም በዚያው ምሽት ከዐለት ላይ ወጥቶ ከ220 ሺህ ቶን በላይ ዘይት ባሕሩን በከለ። ገመዱ ውሉ ከመጽደቁ በፊት ታስሮ ስለ ነበረ ጥፋቱን ሁሉ በክርክሩ ላይ መጫን ያስቸግራል፤ ዋናው ነገር የመሪው መሣሪያ መበላሸት ነው። ሆኖም የአዛዡን ሐሳብ ከማዕበሉ ላይ አንሥቶ ወደ ሒሳብ መመለሱ አይካድም።

ለጀልባ ባለቤት ፍሬ ነገሩ ገመዱ ከመያዙ በፊት «ይህ የመጎተት ሥራ ነው፣ ዋጋውም ይህን ያህል ነው» ብሎ መነጋገር፣ ቢቻልም በጽሑፍ ማኖር ነው። አዳኙ ወሮታውን በ2 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ ይቀራል፤ እስከዚያው ግን ባለቤቱ በቂ ዋስትና ካልሰጠ፣ ጀልባው ያለ አዳኙ ፈቃድ መጀመሪያ ከደረሰበት ወደብ ሊወሰድ አይችልም።