ጆሮውን የደፈነው ልጅ
(በሰቃ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



በአምልኮ ጊዜ ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ጆሮውን ደፍኖ የሚጮኽ፣ ከአግዳሚው ሥር የሚገባ ልጅ አይታችኋል። አንዱ ዞሮ እናቲቱን በዓይኑ ይገሥጻል፤ ሌላው እጁን በልጁ ራስ ላይ ጭኖ በታላቅ ድምፅ ርኵስ መንፈስን ያዝዛል። በሚቀጥለው እሑድ እናቲቱ አትመጣም። ልጁም በር ተዘግቶበት ይውላል።

ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ልጁ ሳይወለድ የሚጀምር ልዩነት ነው። እርግማን አይደለም፤ ከክትባትም አይመጣም፤ የእናት ፍቅር ማነስም አያመጣውም። (ይህን የመጨረሻውን የውጭ አገር ሐኪሞች ሳይቀሩ ለብዙ ዓመታት በስሕተት አስተምረውታል።)

ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ድምፅ፣ ሽታና ንክኪ ከእኛ በተለየ መጠን ይሰማቸዋል። እኛን ደስ የሚያሰኘን የሚቆላ ቡና ጢስ አንዱን ከቤት ያስወጣዋል። የወፍጮ ድምፅ ያሠቃየዋል፤ አዲስ ሹራብ እንደ ሳማ ይለበልበዋል። ሌላው ደግሞ ስሜቱ ስለማይበቃው ይዘላል፣ ይሽከረከራል፤ ወይም በተሰጣ ጀንፈል ውስጥ እጁን ከትቶ ብዙ ሰዓት በሰላም ይቀመጣል። ይህን አይታ ቡናውን አበላሸ ብላ ከመምታት ይልቅ በአሮጌ ቅል ጥቂት ጀንፈል ለብቻው የሰጠችው እናት ከባለሙያ ያላነሰ ሥራ ሠርታለች።

በቡና ለቀማ ወራት ችግሩ ይብሳል። ሁሉ ሳይነጋ ይወጣል፣ የምሳ ሰዓት ይዛወራል፣ ልጁም ለማያውቀው ሰው ይተዋል። ነገ የሚሆነውን ማታውኑ በአጭር ቃል ንገሩት፤ ቃል ካልገባው የመልቀሚያውን ቅርጫት አሳዩት። ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ግን ጆሮውን ወይም ጥርሱን አሞት ይሆናልና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በአገራችን ይህን ጉዳይ ወደ አደባባይ ካወጡት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው ብዙ ከደከሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እስኪያርፉም ድረስ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይደብቁ ተናገሩ። አዲስ አበባ ለሰቃ እናት ሩቅ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ በእጃችን ያለ ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ ደንቆሮውንና ኰልታፋውን ሰው ከመፈወሱ በፊት ከሕዝቡ መካከል ለይቶ ወሰደው። እኛ ግን ሕዝቡን ሁሉ በልጁ ላይ እንሰበስባለን! ለልጁ መጸለይ መልካም ነው፤ በዝግታ ይሁን፣ ከመንካታችሁም በፊት እናቲቱን ጠይቁ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ «ምን ሆኖ ነው?» አትበሉ። ምን እንደሚያስደነግጠውና ምን እንደሚያረጋጋው፣ እናቲቱ በምትናገረው በኦሮምኛ ጠይቁ። በሙስሊም ጎረቤታችን ቤትም እንዲሁ አድርጉ።

ሽማግሌዎች ደግሞ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አስደርጉ፤ በበሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚም ለእነዚህ እናቶች ተዉላቸው። ልጁ ሲወጣና ሲገባ ማንም አይዙር።