ቻርሊ ብራውን በኮምፒዩተር እጅ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለዩኒቨርሲቲ ጉባኤ የማይመጥን ይመስል ይሆናል። ነገሩ ስለ አንድ ራሰ ክብ ልጅና ስለ ውሻው፣ ሁለቱም ከጋዜጣ ገጽ ተነሥተው ወደ ሲኒማ መጋረጃ ስለ ተሻገሩበት መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ውስጡ ሲገቡ የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ይኸውም፣ ሕዝብ የወደደውን የአንድ ሰው ሥራ፣ ሠሪው ካለፈ በኋላ ሌሎች በአዲስ መሣሪያ ሲሠሩት፣ ምኑን ሊለውጡ ይችላሉ? ምኑንስ ሳይነኩ ሊተዉ ይገባቸዋል? የሚል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቻርልስ ሹልዝ በ1922 በአሜሪካን አገር በሚኒያፖሊስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ በሥዕል ታሪኩ ውስጥ የቻርሊ ብራውንም አባት ሥራ ይኸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ አውሮፓ ዘምቶ ከተመለሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1950 «ፒናትስ» የተሰኘው የሥዕል ታሪኩ በ7 ጋዜጦች ላይ መውጣት ጀመረ። ስሙን ያወጣው ሥራውን ለጋዜጦች የሚያከፋፍለው ድርጅት ነው፤ ትርጉሙ ኦቾሎኒ ማለት ነውና ሹልዝ ዕድሜውን ሙሉ ስሙን እንደ ጠላው ኖረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ 2000 መባቻ ድረስ 17,897 ታሪኮች ሠራ። ይህን ሁሉ ሲሠራ ሐሳብ የሚያፈልቅለት፣ መስመር የሚስልለት፣ ፊደል እንኳ የሚጽፍለት ረዳት አልነበረውም። በ50 ዓመት ውስጥ ረዘም ያለ ዕረፍት የወሰደው አንድ ጊዜ፣ በ1997፣ 75 ዓመት ሲሞላው፣ ለ5 ሳምንት ብቻ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት እጁ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ መስመሩም አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያ መስመር ግን እንደ ወዳጅ የእጅ ጽሕፈት ከሩቅ የሚታወቅ ሆነ።

በዚህ የሥዕል ዓለም ውስጥ ያለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። አዋቂ ሰው አይታይም። ቤቱ አንድ ሁለት መስመር፣ ሣሩ ጥቂት ጭረት፣ ሰማዩ ባዶ ወረቀት ነው። የስኑፒ የውሻ ቤት ከጎኑ ብቻ ይታያል፤ ስኑፒ ግን በዚያች ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ራሱን የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ነጂ አድርጎ ከቀዩ ባሮን ጋር ይዋጋል። ሉሲ ከአንዲት የእንጨት ዳስ ውስጥ ተቀምጣ በ5 ሳንቲም የአእምሮ ሕክምና ትሰጣለች። ቻርሊ ብራውን ደግሞ ይሸነፋል። የሚያበረውን የወረቀት ካይት ዛፍ ይበላበታል፤ የቤዝቦል ቡድኑ ይረታል፤ ቀይ ፀጉር ያላትን ልጅ ከሩቅ ያያታል እንጂ ቀርቦ አያነጋግራትም፤ የእሷም ፊት ለአንባቢ አይታይም። በየዓመቱ ሉሲ ሞላላውን ኳስ መሬት ላይ ደግፋ «ና፣ ምታው» ትለዋለች፤ ሮጦ ሊመታው ሲል ታነሣበታለች፤ እሱም በጀርባው ይዘረራል። በሚመጣው ዓመት ግን እንደገና ይሮጣል። የታሪኩ ነፍስ ያለው ከመሸነፉ ይልቅ በዚህ እንደገና መሮጥ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ሹልዝ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2000 ዐረፈ፤ የመጨረሻው የእሑድ ሥዕሉ የወጣው በማግስቱ ነው። ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው የጋዜጣውን ታሪክ እንዳይቀጥል ፈቃዱ ነበር፤ ቤተሰቡም ይህን ስላከበሩ ጋዜጦች የቆየውን ሥራ እየደገሙ ያወጣሉ። የተንቀሳቃሽ ሥዕል ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሹልዝ በሕይወቱ ሳለ፣ ከ1965 የገና ፕሮግራም ጀምሮ፣ ከሊ ሜንደልሰንና ከቢል ሜሌንዴዝ ጋር ሆኖ ለቴሌቪዥን ብዙ ሠርቷል። ስለዚህ በ2015 ብሉ ስካይ የተባለው ስቱዲዮ በስቲቭ ማርቲኖ አዘጋጅነት ታሪኩን በኮምፒዩተር ሠርቶ ባወጣ ጊዜ በሩ ቀድሞ የተከፈተ ነበር። ድርሰቱንም ከጻፉት ሦስት ሰዎች ሁለቱ የሹልዝ ልጅ ክሬግና የልጅ ልጁ ብራያን ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። ኮምፒዩተር አንድን ሰው የሚሠራው እንደ ሐውልት ቀራፂ ነው። መጀመሪያ ሙሉ አካሉን ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ ከፈለጉት አቅጣጫ አዙረው ሊያዩት ይችላሉ። ቻርሊ ብራውን ግን ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ አካል የለውም። ሹልዝ ከፊት ለፊት ሲስለው አንድ ዓይነት፣ ከጎን ሲስለው ሌላ ዓይነት አድርጎ ነው፤ ዐይኑ፣ አፍንጫውና ጆሮው ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቦታቸውን ይለውጣሉ። ወረቀት ላይ ይህ አይታወቅም፤ ምክንያቱም በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላው የአንባቢው ሐሳብ ነው። ልጁን እንደ ሐውልት ቀስ አድርጎ ማዞር ከተጀመረ ግን በመካከል የማናውቀው ፍጡር ብቅ ይላል።

የፊልሙ ሠራተኞች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ መኪናውን ከችሎታው በታች እንዲሠራ ማስገደድ ነበር። ፊቱን ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ለየብቻ አበጁት፤ ሲዞርም ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው ዘሎ እንዲያርፍ አደረጉ። የዐይኑንና የአፉን መስመር በብዕር የተጻፈ አስመስለው ፊቱ ላይ አኖሩት። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ያሳልፋል፤ ኮምፒዩተርም ለሃያ አራቱ ሁሉ የተለያየ አቋም ሊሠራ ይችላል። እነሱ ግን እንደ ቀድሞዎቹ የእጅ ሠዓሊዎች አንዱን አቋም ለሁለት ሥዕል እያቆዩ በሴኮንድ 12 አቋም ብቻ ተጠቀሙ። አንድ ነገር በፍጥነት ሲያልፍ ካሜራ የሚያሳየውን ብዥታ ትተው፣ በጋዜጣው ሥዕል እንደምናየው የፍጥነት ጭረትና የተደራረበ እጅና እግር አሳዩ። ካሜራውም በልጆቹ ዓለም ውስጥ ከልጅ ቁመት ብዙ አይርቅም፤ እንደ ልቡ የሚበረው ስኑፒ ሰማይ ላይ ሲዋጋ ነው። ቻርሊ ብራውን ሲያስብና ሲያስታውስ ደግሞ ሐሳቡ ከራሱ በላይ በጥቁር መስመር በተሳለ ሥዕል ይታያል።

ድምፁም ቢሆን እንዲሁ ነው። ልጆቹን የተናገሩላቸው ልጆች ናቸው። ሜሌንዴዝ በ2008 ቢሞትም፣ ለስኑፒና ለወፉ ለዉድስቶክ በሕይወቱ ሳለ ያሰማው ድምፅ ከቆየ ቅጂ ወጥቶ በዚህ ፊልም ውስጥ ይሰማል። መምህርቷም ስትናገር፣ በቴሌቪዥኑ ጊዜ እንደ ተለመደው፣ ከቃል ይልቅ የትሮምቦን ጩኸት ነው የሚሰማው። መምህሮቻችን በዚህ እንደማይቀየሙ ተስፋ አለን፤ በፈተና ሰሞን እኛም አንዳንድ ቀን እንዲሁ ነው የምንሰማው።

ይህን ትዕግሥት በትክክል ለመመዘን ከሌላ ሥራ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ኤርዤ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ቤልጅጋዊው ሠዓሊ ዦርዥ ረሚ ቴንቴንን የፈጠረው በ1929 ነው። የቴንቴን ፊት ክብ ነው፤ ሁለት ነጥብ ዐይን፣ ትንሽ አፍንጫ፣ ከግንባሩ በላይ የቆመ ቁንጮ፣ ሌላ ምንም የለውም። ስቲቨን ስፒልበርግ በ2011 ወደ ፊልም ሲያመጣው የሕያዋን ተዋናዮችን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ቀድቶ ወደ ኮምፒዩተር በማስገባት ነው። ፊልሙ በጥበብ የተሠራ ነው፤ ሩጫውና የባሕር ላይ ጦርነቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ነገር ግን ለዚያ ባዶ ፊት እውነተኛ ቆዳ፣ ጠጉርና የዐይን ብርሃን ተሰጠው። ባዶነቱ ቀድሞ አንባቢው ራሱ ገብቶ የሚቀመጥበት ወንበር ነበር። በፊልሙ ግን ወንበሩ ተይዞ አገኘነው። ብሉ ስካይ ይህን ወንበር ባዶውን ትቶታል፤ ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው ስለዚህ ነው።

ምስጋናችን ይህ ከሆነ፣ ወቀሳችን ደግሞ የሚከተለው ነው።

በፊልሙ ውስጥ ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ወደ ሰፈሩ ትመጣለች። ቻርሊ ብራውን በዐይኗ ሞገስ ለማግኘት ሲጥር ያላሰበው ነገር ይደርስበታል፤ የፈተና ወረቀት ተለዋውጦ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆነ ተብሎ ይከበራል። ሜዳይ ሊሰጠው በተጠራበት ጉባኤ ላይ ግን ወረቀቱ የእሱ አለመሆኑን ያያል፤ እውነቱንም በሁሉ ፊት ተናግሮ ክብሩን ይመልሳል። እኛ ተማሪዎች የዚህን ሥራ ክብደት ከማንም በላይ እናውቃለን። እዚህ ድረስ ልጁ ሹልዝ የፈጠረው ልጅ ነው።

በመጨረሻ ግን ካይቱ ይበርለታል፤ ልጅቱም ፊቷን ገልጣ፣ ቀርባ፣ ለምን እንደ መረጠችው ምክንያቱን አንድ በአንድ ትነግረዋለች፤ ጓደኞቹም ከበው ያመሰግኑታል። አዳራሹ ይደሰታል፤ እኛም አልተከፋንም። ዳሩ ግን 50 ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየው መልካም ሆኖ የኖረ ልጅ፣ መልካምነቱ በሕዝብ ፊት ተመስክሮ ደመወዙን ሲቀበል ስናይ፣ ታሪኩ ሌላ ታሪክ መሆኑን አስተዋልን። በቅኔ አነጋገር፣ ሰሙ በጥንቃቄ ተጠብቆ ወርቁ ተለወጠ።

ስለ ፊልሙ ሠራተኞች ሆኖ የሚከራከር ሰው ጠንካራ መልስ አለው። የጋዜጣ ታሪክ ዛሬ በሽንፈት ቢያበቃ ነገ ጠዋት ሌላ ጋዜጣ ይወጣል፤ ስለዚህ ሽንፈቱ የመጨረሻ አይሆንም። ፊልም ግን አንድ ጊዜ ይዘጋል፤ የመጨረሻው ሥዕል እንደ ፍርድ ይቈጠራል። ልጁን በጀርባው ተዘርሮ ትቶ መብራት ማብራት ሕፃናትን አስለቅሶ መሸኘት ነው። ከዚህም ሌላ ሹልዝ ራሱ ልጁን ድል ፈጽሞ አልነፈገውም፤ በ1993 ቻርሊ ብራውን ኳስ መትቶ ቡድኑን አሸናፊ አድርጎታል። ይህ ክርክር እውነትነት አለው፤ የመሣሪያው ባሕርይ የታሪኩን መጨረሻ ይገፋል።

ሆኖም ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ያሳየን ሹልዝ ራሱ ነው። በ1999፣ ሥራውን ሊተው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የኳሱን ታሪክ ለመጨረሻ ጊዜ ሣለ። ያን ቀን ሉሲ ለምሳ ትጠራለች፤ ኳሱንም ለታናሽ ወንድሟ ለሪራን አስይዛ ትሄዳለች። ሪራን ወደ ቤት ሲመለስ «ምን ሆነ? አነሣህበት ወይስ መታው?» ብላ ብትጠይቀው አይነግራትም። ለእኛም አልተነገረንም። ያለቀ ታሪክ እንዲህ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ተመልካቹ ሳይዋረድ፣ ልጁም ሳይሸለም። የፊልሙ ሠራተኞች በመስመሩ ላይ ያሳዩትን ቁጥብነት በመጨረሻው ላይም ቢያሳዩ ኖሮ ሥራቸው ሙሉ በሆነ ነበር እንላለን።

ከዚህ ሁሉ ለውይይት ይሆን ዘንድ ሦስት ነጥቦች እናቀርባለን።

1ኛ፤ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የሚጠየቀው ምን ሊሠራ እንደሚችል ብቻ መሆን የለበትም። ለዚህ ሥራ ሲባል ምን መሥራት እንደማይገባውም ይጠየቅ። በሴኮንድ 24 ማድረግ እየተቻለ 12 ላይ መቆም ድክመት አይደለም።

2ኛ፤ መልክን መጠበቅ መንፈስን ለመጠበቅ ዋስትና አይሆንም። ቁም ጸሐፊ ፊደሉን አንድ ሳያጓድል ገልብጦ ንባቡን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ገልባጩ በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ደራሲው ስለ ምን ይጨነቅ እንደ ነበረ ነው።

3ኛ፤ የሥጋ ወራሽ መሆን ትልቅ መብት ቢሆንም የሐሳብ ወራሽ መሆንን ብቻውን አያረጋግጥም። ልጅና የልጅ ልጅ በፍቅር የጻፉት እንኳ የአባትን ኀዘን ለማቅለል ይፈተናል። ለምንወደው ሰው እንራራለን፤ ርኅራኄአችንም አንዳንድ ጊዜ ቃሉን ይለውጥበታል።

ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ በ2021 ተዘግቷል። የጋዜጣው ልጅ ግን ዛሬም በየማለዳው ወደ ኳሱ ይሮጣል። ከመካከላችን ነገ ብዕር ወይም ኮምፒዩተር ይዞ የሌላ ሰው ፍጡር አደራ የሚቀበል ቢኖር፣ ልጁን ኳሱን ሊያስመታው ከመቸኮሉ በፊት ለምን እንደገና እንደሚሮጥ እንዲያስብበት አደራ እንላለን።

መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን ተቃውሞም ሆነ ድጋፍ ካላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።