አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ስለ መኖሩ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ርዕስ ለመሐንዲሶች ጉባኤ ባዕድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ኮንክሪት ጥንካሬና ስለ ብረት ጥራት መነጋገር ለለመደ ጉባኤ የቤተሰብ ሕግ ምን ይፈይድለታል ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ በየግንባታው ሥፍራ ሲሚንቶ የሚያቦካው፣ ባሬላ ተሸክሞ መወጣጫ የሚወጣው ማን እንደሆነ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ፣ ከገጠር ማንንም ሳያስፈቅድ የመጣ ልጅ ከመካከላቸው አይታጣም። ይህ ልጅ በሕግ ፊት ማን ነው? ከአባቱ ቤት ወጥቶ ለብቻው መኖርስ ይችላልን?

መነሻው ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ አካለ መጠን እንዳልደረሰ ይቆጥረዋል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ወሰን አጽንቷል። እንዲህ ያለው ልጅ ለአካሉ ደኅንነት በአሳዳሪ፣ ለንብረቱ ደግሞ በሞግዚት ሥር ይሆናል፤ ወላጆቹ በሕይወት ካሉ ሁለቱንም ሥልጣን በጋራ ይይዛሉ። የልጁን መኖሪያ የሚወስነው አሳዳሪው ነው። ልጁ ያለ እርሱ ፈቃድ ከዚያ ቤት ሊወጣ አይገባውም፤ ቢወጣም አሳዳሪው እንዲመለስ ሊያስገድደው ይችላል።

ይህ እንግዲህ ደንቡ ነው። ከደንቡ የሚያስወጡት በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፍርድ ቤት ነው፤ 14 ዓመት የሞላው ልጅ በፍርድ ቤት ውሳኔ ከሞግዚት አስተዳደር ነጻ ሊወጣ ይችላል። ነጻ የወጣ ልጅ ስለ ራሱ አኗኗርም ሆነ ስለ ንብረቱ አካለ መጠን እንደ ደረሰ ሰው ይቆጠራል፤ ቤት ይከራያል፣ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ሁለተኛው በር ጋብቻ ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ሲሆን፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ከባድ ምክንያት ሲያገኝ ከሁለት ዓመት የማይበልጥ ቅናሽ ሊፈቅድ ይችላል፤ ያገባም ልጅ በማግባቱ ብቻ ነጻ ይወጣል። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ከአባቷ ቤት ወጥታ ባል ቤት ስለገባች ብቻ ራሷን ለማስተዳደር በቅታለች ማለት፣ የሕጉ አመክንዮ ምንም ይሁን ምን፣ ልብን አያሳርፍም።

ዋናው ችግር ግን ከእነዚህ በሮች ውጭ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ግን ወጣት ሠራተኛ ብሎ ይቀበለዋል። ስለዚህ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ጉልበቱን ለኮንትራክተር ማከራየት ይችላል፤ ማታ የሚያድርበትን ክፍል ግን በስሙ በጸና ውል መከራየት አይችልም፤ ሕግ የሚተውለት ሞግዚቱ ሲፈቅድለት የዕለት ኑሮን የሚመለከት ጥቃቅን ውል ነው። ውጤቱ በየሳይቱ ይታያል። ልጁ የሚያድረው በሲሚንቶው መጋዘን ወይም በዘበኛው ጎጆ ነው። ሥራና መኝታ አንድ ሥፍራ ሲሆኑ ደግሞ የሥራው ሰዓት የት ላይ እንደሚያበቃ ማንም አያውቅም፤ ሌሊት የመጣ የአሸዋ መኪና ሲያራግፍ የሚቀሰቀሰው እርሱ ነው። ሕጉ ግን ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ጨርሶ እንዳይሠራ፣ በትርፍ ሰዓትና በበዓል ቀንም እንዳይታዘዝ ይከለክላል። የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫና ማስተላለፊያ፣ የማዕድንና የድንጋይ ካባ፣ የፍሳሽ ቦይና የዋሻ ቁፋሮ ሥራ ለእርሱ የተዘጋ ነው። በታወቀ የሙያ ትምህርት ቤት የሚማርና በዚያው ትምህርት መሠረት የሚለማመድ ልጅ ብቻ ከዚህ የሥራ ዓይነት ክልከላ ይለያል።

በሁለቱ ሕጎች መካከል አንድ ሌላ ስንጥቅ አለ፤ ብዙዎች ልብ ያሉት አይመስልም። የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ለሥራ የሚያበቃው ዕድሜም 14 ነበር። በ2011 ዓ.ም. የሥራው ዕድሜ ወደ 15 ከፍ ሲል የነጻነቱ ዕድሜ ባለበት ቀረ። እንግዲህ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በፍርድ ቤት ነጻ ወጥቶ ለብቻው መኖር ይችላል፤ ተቀጥሮ ራሱን መመገብ ግን አይችልም። በፍትሐ ብሔሩ ነጻ ቢወጣም የሥራ ሕጉ የሚመለከተው ዕድሜውን ስለሆነ፣ 18 እስኪሞላው ጥበቃው አይለየውም።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ዕድሜው ከታወቀ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ በየሳይቱ የሚሠሩት ወጣቶች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ ከብዙዎቹ እጅ የልደት ማስረጃ አይገኝም። ፎርማኑ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ «አሥራ ስምንት ይሆነዋል» ይላል። የኮንክሪት ኪዩብ ተሰብሮ ካልተፈተነ የማይፈርም መሐንዲስ፣ ይህን ግምት ያለ አንዳች ጥያቄ ይቀበላል። «ዕድሜ ማጣራት የፖሊስ ሥራ ነው» የሚሉ አሉ፤ አባባሉ አያስኬድም። ክልከላው የተጣለው በአሠሪው ላይ ነውና፣ ማጣራቱም የእርሱ ነው።

ልጁን ማባረር ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ ከሳይቱ የተባረረ ልጅ ወደ አባቱ ቤት ሳይሆን ወደ ሚቀጥለው ሳይት ነው የሚሄደው። ለጊዜው ከመሐንዲሱ አቅም ውጭ ያልሆነው ነገር ትንሽ ነው። የቀን ሠራተኞች መዝገብ በአብዛኛው ስም፣ የቀን ሒሳብና ፊርማ ብቻ ይዟል። በዚያው ገጽ ላይ የትውልድ ዘመን፣ የአሳዳሪው ስምና አድራሻ፣ ልጁ የሚያድርበት ሥፍራ የሚጻፍባቸው ሦስት ዓምዶች ቢጨመሩ፣ ፎርማኑ ቢያንስ መጠየቅ ይገደዳል፤ ልጁ ከመወጣጫ ቢወድቅም ለማን መልእክት እንደሚላክ ይታወቃል።