ልጆቻችን ሜዳ ሲገቡ እኛ ምን እንጠይቅ?

(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰማው ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ሙቀት የማሽላ ጥበቃችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ማኅበራችሁ ያመሰግናል። የዛሬው ጉዳያችን መዋጮ አይደለም፤ የልጆቻችን ነገር ነው።

እንደምታውቁት ከሠፈራችን ልጆች አንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ዘንድሮ ለግቢው የእግር ኳስ ቡድን ተመርጧል። ወሬው ዋጃ የደረሰ ዕለት ሠፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ማታ እናቱ ቡና አፍልታ ጠራችንና «ደስታውንስ ደስ ብሎኛል፤ እንቅልፍ ግን አጣሁ። እግሩ ቢሰበርስ? በኳስ ምክንያት ትምህርቱን ቢጥልስ?» አለችን። መጀመሪያ ሣቅን። ኋላ ግን አፍረን ዝም አልን፤ ያለችው እውነት ነዋ!

ይህ ልጅ እዚህ የደረሰው በዋዛ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ትምህርቱ ተቋርጦበት፣ እንደገና ደብተር ይዞ የተነሣ ልጅ ነው። እናቱ ለዚያ ደብተር ብትሳሳ አይፈረድባትም።

ታዲያ ኳሱን ይተው እንበል? አንልም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማን አስታውሱ። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረዋል፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ቡድናችን አሠልጣኝ ነበሩ። ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። እግር ሲደክም ዕውቀት ቀጠለ ማለት ነው። ከውጭም ብራዚላዊው ሶቅራጥስ አለ። ኳስ እየተጫወተ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 የዓለም ዋንጫም የአገሩ ቡድን አምበል ነበር። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ግን ወላጅና ጎረቤት ሲያግዝ ነው።

እኛ አግዘናል ወይ? እውነቱን እንነጋገር። ባለፈው ክረምት ልጁ ለዕረፍት መጥቶ ሲጫወት ጉልበቱ ዞረበት። እኛው በትኩስ ቅቤ አሸነው። በማግሥቱ ከጎረቤት ሠፈር ጋር ግጥሚያ ስለነበረብን «አብሽር፣ ወንድ አይደለህም እንዴ!» ብለን አስገባነው። ሁለት ወር ሙሉ አነከሰ። ለእናቱም ደብቀናት ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው፤ በዚሁ አጋጣሚ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እንጠይቃታለን።

በመሆኑም ከእንግዲህ የሚከተለውን እንድንይዝ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ዞሮ ሲያብጥ ጨዋታው ወዲያው ይቁም። ለመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ማሸትና ትኩስ ነገር ይቅር። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከታጣም በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ፣ እስከ 20 ደቂቃ እየያዙ ማሳረፍ፤ ደም እንዳያግድ አድርጎ በፋሻ ማሠር፤ እግሩንም ከፍ አድርጎ ማስተኛት ነው። መርገጥ ካቃተው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ወይም ያስታወከ ልጅ ያን ዕለት ሜዳ አይመለስ፤ ሐኪም ይየው። ግጥሚያ ሌላ ቀን አለ፤ ልጅ ግን ሌላ የለም።

ሦስተኛ፣ «ክለብ ገብተህ ቤት ትሠራልናለህ» እያልን ገና ባልጠና ትከሻ ላይ ሸክም አንጫን። ኳስ የሚያበላው ከብዙዎቹ ጥቂቱን ነው፤ ጉዳትም ቀን አይመርጥም። የትምህርት ማስረጃው ግን በእጁ ይቀራል።

አራተኛና ዋናው፣ ልጆቻችን ስልክ ሲደውሉ ቶሎ ብለን «አሸነፋችሁ ወይ?» ነው የምንለው። እንዲህ ያለ ወላጅ ልጁ ጉዳቱን ይደብቀዋል። አስቀድመን «እግርህ እንዴት ነው? በልተሃል ወይ? ፈተናህ መቼ ነው?» እንበል። ውጤቱ ይደርሳል።

ያቺ እናት ዛሬ እንዲህ ማድረግ ጀምራለች። ሦስቱን ጠይቃ ስታበቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዲያው... ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ትለዋለች። ይህንንማ ማን ይከለክላታል! እኛም አጠገቧ ተቀምጠን ጆሯችንን እናቆማለን።

በጸሎቱም በዱዓውም ልጆቻችንን አንርሳ። በደህና ሄደው በደህና ይመለሱ። አሜን፣ አሚን በሉ።