የመከር ምስጋና በምን ይፈጸማል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት! ክረምቱ አልፎ፣ ዘመነ ጽጌም ተፈጽሞ፣ እነሆ የመከር ወራት ደረሰ። ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤልን፣ ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያምን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል የምናከብረው እህል በሚታጨድበትና ነዶ ወደ አውድማ በሚገባበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት ዝክር እንዘክራለን፤ ዘሩን ያበቀለልንን አምላክ እናመሰግናለን። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ምስጋናችን በምን ይፈጸማል? ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 እግዚአብሔር የበዓላቱን ሥርዓት በተራ ይደነግጋል። የመከሩን በዓል ሥርዓት ተናግሮ ከፈጸመ በኋላ፣ ወደሚቀጥለው በዓል ሳያልፍ፣ አንድ ትእዛዝ ይጨምራል፤ ይኸውም ባለ እርሻው የማሳውን ዳርቻ ጨርሶ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተውላቸው ነው። ይህ ትእዛዝ በበዓላቱ መካከል የተቀመጠው በከንቱ አይደለም፤ የበዓሉ ምስጋናና የድኻው ድርሻ አንድ ሥርዓት መሆናቸውን ሲያስረዳን ነው።

ሕጉ እንዴት ይፈጸም እንደነበረም በመጽሐፈ ሩት እናያለን። ሩት ባሏ የሞተባት፣ ከሞዓብ የመጣች ስደተኛ ነበረች። በገብስ መከር ጊዜ ልትቃርም በቤተ ልሔም ወደ ቦዔዝ እርሻ ሄደች። ቦዔዝም ቃርሚያውን ፈቅዶላት ብቻ አልቀረም፤ አጫጆቹ ከነዶው እየመዘዙ እንዲተዉላት፣ እንዳያሳፍሯትም አዘዘ። ሩትም በገዛ እጇ ለቅማ፣ በገዛ እጇ ወቅታ፣ የድካሟን ፍሬ ተሸክማ ወደ አማቷ ገባች። እንግዲህ ቦዔዝ እህሏን ብቻ ሳይሆን ክብሯንም ጠበቀላት። በኋላም አገባት፤ የዳዊት አያት ኢዮቤድ ከእርስዋ ተወለደ፤ ከዳዊትም ወገን ጌታችን በሥጋ ተገለጠ።

በአገራችንም አባቶቻችን ያቆዩልን መልካም ልማድ አለ፤ ደቦና ወንፈል ነው። ነገር ግን ልብ እንበል። ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ይጋግራል፤ ወንፈል የሚገባም ሰው በተራው የሚመልሰው ጉልበት አለው። መደገስ የማትችል ባልቴት፣ ጉልበት የከዳው ሽማግሌ፣ አባት እናት የሞቱባቸው ልጆች ግን ደቦውን በምን ይጠሩታል? ወንፈሉንስ በምን ይመልሱታል? የደረሰ ጤፍ ሰው አይጠብቅም፤ ከዘገየ ይረግፋል፤ ያለ ወራቱ ዝናብ ቢመጣበትም ይበላሻል። እኛ ክምራችንን ከምረን ስናመሰግን የባልቴቲቱ ማሳ ሳይታጨድ ቢቀር፣ ምስጋናችን ምን ይባላል? በክረምት አንድ ቁና እህል ብንሰጣት መልካም ነው፤ ነገር ግን በኅዳር አንድ ቀን ብናጭድላት ኖሮ ቀለቧ በገዛ ጎተራዋ በተገኘ፣ የሰው ደጅም ባልጠናች ነበር።

ስለዚህ ሳንጠራ እንሂድ። የማኅበርና የሰንበቴ አባላት ከዝክሩ ተነሥተው ከመለያየታቸው በፊት፣ በአጥቢያቸው ረዳት ያጣ ማሳ የማን እንደሆነ ይጠያየቁ። በዓሉን አክብረው በሥራው ቀን ማጭዳቸውንና ስንቃቸውን ይዘው ይውጡ፤ ከባለ ማሳዪቱም ጠላ አይጠብቁ። በከተማ የምትኖሩም ማሳ የለንም አትበሉ፤ ደመወዛችሁና የንግድ ትርፋችሁ መከራችሁ ነው። ለታመመ ጎረቤት ውኃ መቅዳት፣ ደካማን ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ድኻ አደጉን ልጅ ትምህርቱን ማስጠናት፣ ይህ የእናንተ ማጭድ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ ፍርድ ቀን ሲያስተምር፣ የክምራችንን ብዛት እንደሚጠይቀን አልተናገረም። ለእርሱ እንደተደረገ ከቆጠረው በጎ ሥራ መካከል የታመመውንና የታሰረውን መጎብኘት ይገኛል፤ ይህም ገንዘብ የሌለው ሰው እንኳ በእግሩና በጊዜው የሚፈጽመው ነው። እንግዲህ ከዚህ ምስጋና ድኻ ነኝ ብሎ የሚቀር አይኖርም።

የዘንድሮውን አዝመራ ይባርክልን፤ እጃችንንም ለምጽዋትና ለረድኤት ያበርታልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።